የእመት ሚዳቋ በረት

ተረት ተረት! የላም በረት!

በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ሦስት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። አያ ጭልፊት በዱባይ፣ አያ ግመል በሻርጃ፣ ከሁሉም ጠባብ መሬት የደረሳት እመት ሚዳቋ ደግሞ በዓጅማን። ከአራት ዘመዶቻቸው ጋር ሆነው አንድ የጋራ ጎተራ ነበራቸው፤ እያንዳንዱም ከገቢው ሊያዋጣ በጋፍ ዛፍ ሥር ምሎ ነበር። ይህ እንኳ ተረት ብቻ አይደለም፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ1971 ሲመሠረቱ በወጣው ሕገ መንግሥት 127ኛው አንቀጽ የሚለው ይህንኑ ነው።

አያ ጭልፊት ሀብታም ስለነበር እሳት ሲነሣ ውሃ የሚያደርሱ አህዮች በግሉ ነበሩት። ዛሬም ዱባይ ውስጥ ሰው ሲታመም የሚደርሰው የራሷ አምቡላንስ ነው፤ ለሻርጃና ለዓጅማን ግን የፌዴራሉ ብሔራዊ አምቡላንስ ይመጣል።

እመት ሚዳቋ አንድም አህያ አልነበራትም። ጉባኤ ቀርባ «መሬቱን እኔ ልስጥ፤ በረቱን ጎተራው ይሥራልኝ» አለች።

ሁሉም እሺ አሉ። በረት ማሠራት ምርቃት አለው፣ ድግስ አለው። ግድግዳው ተመረገ፣ ገንዳው ተለሰነ፣ አራት አህዮች ገቡ። ገብሱን ማን እንደሚችል ግን ጠያቂ አልነበረም። የጎተራው ጠባቂ «የመሬቱ ባለቤት ታብላቸው» ሲል፣ እሷ «አህዮቹ የጋራ አይደሉም ወይ?» ስትል ወራት አለፉ፤ የአህዮቹ ጎድን ገጦ ወጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያ ግድግዳ አንዴ ይከፈልበታል፤ ደመወዙ፣ ነዳጁና ጎማው ግን በየወሩ ይጠይቃል።

አንድ ሌሊት አል ናህዳ ላይ እሳት ተነሣ። አል ናህዳ በአንድ ስም የሚጠራ፣ ከፊሉ በዱባይ ከፊሉ በሻርጃ ያለ ሰፈር ነው። የጭልፊት አህዮች እየጋለቡ መጥተው ድንበሩ ላይ ቆሙ፤ ነጂያቸው «ከዚህ ወዲያ ገብሱ በማን ነው?» ይላል። የሚዳቋ አህዮች ከገንዳው ሥር መነሣት አቃታቸው። እሳቱ የግመልን የቴምር ማሳ በልቶ፣ የሚዳቋን አጥር ለበለበ፤ ዞሮ የጭልፊትን ጎጆም ያዘ።

በማግስቱ እመት ኤሊ ከባሕር ወጥታ መጣች።

«የዓመቱ ገብስ ስንት ቁና ነበር?»

«አርባ።»

«የተቃጠለው ቴምርስ?»

አያ ግመል አቀረቀረ።

«እንግዲያው በረቱን ጎተራው ይሥራ፤ ገብሱን ሁሉም በየአቅሙ ያዋጣ፤ የዓመቱም ቀድሞ ይሰፈር» አለች።

«እኔ ትንሽ ሳዋጣ ቃሌም ትንሽ ሊሆን ነው?» አለች እመት ሚዳቋ።

«የለም፤ በረት የሚተከለው እሳት በሚያሰጋበት ነው እንጂ ገብስ በተትረፈረፈበት አይደለም።»

አያ ጭልፊት ክንፉን አራገፈ። «አህዮቼ ድንበር ሲሻገሩስ?»

«ይሻገሩ። ሒሳቡን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ተቀምጣችሁ ትተሳሰባላችሁ።»

ጭልፊት ጥቂት አንገራገረ፤ ከዚያ ቁናውን አስመጣና የመጀመሪያውን ገብስ ራሱ ሰፈረ።