ጋሽ ሰምቻለሁ በክትባት ቀን

«ሰምቻለሁ» ሳይሉ ወሬ ስለማይጀምሩ ሰፈሩ ጋሽ ሰምቻለሁ ይላቸዋል። በክትባት ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው እናቶችን ሲመክሩ፣ ልጅ ያዘለች አንዲት ምላሰኛ ገጠመቻቸው።

«ክትባት ያመክናል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ጋሼ፣ ክንድዎ ላይ ያለችው የክትባት ጠባሳ አይደለችም? ስንት ወለዱ?»

«ሰባት።»

«እንኳን ተከተቡ! ባይከተቡማ ቀበሌው አይበቃዎትም ነበር።»

«ኦቲዝም ያመጣል፤ የእንግሊዝ ሐኪም ጽፎታል።»

«ዌክፊልድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1998 12 ልጆች ይዞ ጻፈ። በ2010 ላንሴት መጽሔት ጽሑፉን ሰረዘው፤ እሱም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በ2019 ዴንማርኮች ከ650 ሺህ በላይ ልጆች መርምረው የተባለውን አላገኙም። ወሬው እርስዎ ጋ የደረሰው በእግሩ ነው?»

«ልጁን ያተኩሰዋላ!»

«አንድ ሁለት ቀን ያተኩሰዋል፤ እውነት ነው። ኩፍኝ ግን ሳንባ ምች ያስከትላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ትኩሳት ሸሽቶ ኩፍኝ ቤት ማደር ምን የሚሉት ብልጠት ነው?»

«እኛስ ድሮ ያለ ኩፍኝ ክትባት አላደግንም?»

«ያደጋችሁትማ ታወራላችሁ፤ ያላደጉት መጥተው አይመሰክሩ! ፈንጣጣስ የት ገባ? ዓለም ከፈንጣጣ መገላገሏ በ1980 የታወጀው ክትባት ነቅሎት እንጂ ወሬ አባሮት ነው?»

ጋሽ ሰምቻለሁ ጸጥ። ሴትየዋ ግን ገና አፏ መሟሟቁ ነው፤ ወደ ሲስተሯ ዞረች።

«ልጆች አልሞሉም» አለች ሲስተር፣ የበረዶ ሳጥኑን ሳትከፍት። «የኩፍኝ ብልቃጥ የአስር ልጅ ነው፤ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ሐሙስ ነይ።»

«ሲስተር፣ ክትባት ነው ታክሲ፣ እስኪሞላ የሚጠበቀው? ሁለት ሰዓት በእግሬ መጥቻለሁ። ብልቃጥ ቢደፋ ሌላ ይመጣል፤ ልጄ ቢደፋብኝስ? ሰውዬው በወሬ፣ እናንተ በቀጠሮ ትመልሱናላችሁ። ኩፍኝ የማናችሁንም ቀጠሮ አያከብርም።»

ፍርዱ አጭር ነው፤ ከወሬኛው እኩል «ሐሙስ ነይ» የሚለውም ልጅ ያስቀራል። ሲስተሮች፣ ለአንድም ልጅ ቢሆን ክፈቱ። ወላጆች፣ የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር ነው፤ ካርዱን አውጥታችሁ እዩ፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱ።