«አትንካ» የማይሠራበት ቤት፦ የአንድ ቅዳሜ ጥናት

በሐበሻ ቤት የሚያድግ ልጅ አባቱ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ትምህርት ቤት ሊገባ ይችላል። «አትንካ» የሚለውን ቃል ሳያውቅ ግን ዳዴ አይጨርስም። ይህ ጥናት ቃሉ ሥራ በሚፈታበት ቦታ ሲገኝ ምን እንደሚሆን ይመረምራል። ቦታው ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ኤክስፕሎራቶሪየም ነው፤ የወጣው ዕቃ ሁሉ እንዲነካ የወጣበት የሳይንስ ማዕከል። ከኦክላንድ በባቡር በባሕረ ሰላጤው ሥር አቋርጠን ሄድን። ለጥናቱ ገንዘብ የረዳ አካል የለም፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን መግለጫ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። አማርኛ ለ«ነካ» በጎ ፊት አሳይቶት አያውቅም። አእምሮው ሳት የሚያደርገውን ሰው «ነካ ያደርገዋል» እንላለን። ስሙ ከሙስና ጋር የተነሳ «የተነካካ» ነው። ጠብ ያማረው ሰው «ይነካካል»። የሌባ እጁ ረጅም ነው፣ የባለጌ እጁ አያርፍም፣ ጨዋ ደግሞ እጁን የሰበሰበ ነው። አንድን ነገር በጣት ነክቶ ምንነቱን ማወቅ የሚባል ሐሳብ በዚህ ሁሉ መካከል መቀመጫ አላገኘም። ቃሉ እንደ ማንኛውም ግስ ይረባል፦ ለወንድ «አትንካ»፣ ለሴት «አትንኪ»፣ የጎረቤት ልጆች ሲጨመሩ «አትንኩ»። በአክብሮት «አይንኩ» የሚለው በሰዋስው ቢፈቀድም እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ በቤታችን ሲነገር አልተሰማም።

ልጅ መጀመሪያ የሚያየው ሙዚየም የሳሎኑ ቡፌ ነው። መስታወት አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ቋሚ ስብስብም አለው፦ ጠርዛቸው በወርቅማ ቀለም የተሰመረ ስኒዎች፣ ከሠርግ የተረፈ የብርጭቆ ስብስብ፣ ማን እንዳመጣት የማይታወቅ አንዲት የሸክላ ድመት። ስኒዎቹ ለእንግዳ የተቀመጡ ናቸው ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ግን የሚወጡት የኩሽናዎቹ ናቸው። ሁለተኛው ሙዚየም በትምህርት ቤት ሰልፍ የሚኬድበት ነው። ድንቅነሽን በብሔራዊ ሙዚየም ያየነው እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ነበር። እሷ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አፈር ውስጥ ቆይታ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ ቅጂዋንም ቢሆን የሚነካ የለም።

የኤክስፕሎራቶሪየም መሥራች ፍራንክ ኦፐንሃይመር ይባላል። የአቶሚክ ቦምቡ የሮበርት ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱም ፊዚክስ የተማረ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው ቦምብ ሲፈነዳ በቦታው ነበር። ስለዚህ፣ ሰው ነገር ሲነካካ ምን ሊከተል እንደሚችል ሳይገባው ቀርቶ ነው ማለት አይቻልም። ከዚያ እሱም በተራው የተነካካ ሆነ፦ በወጣትነቱ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1949 ሲታወቅ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን አጣ። ኮሎራዶ ገብቶ ለዓመታት ከብት አረባ፣ ኋላም በአንድ የገጠር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳይንስ አስተማረ። ከመጽሐፉ ይልቅ ዕቃውን ማስነካት የለመደው እዚያ ይመስላል። ማዕከሉን እ.ኤ.አ. በ1969 ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ማዕከሉ አሁን ወዳለበት የወደብ መጋዘን ተዛወረ። ጎብኚ ቁልፍ ተጭኖ የሚሞክርበት ቤት በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስለነበረ ሐሳቡን ከምንም አፈለቀው አንልም። ነገሩን ግን እስከ ጥጉ የወሰደው እሱ ነው።

ስለ አጠናን ዘዴው ጥያቄ እንደሚነሳ ይጠበቃል። ተጠኚዎቹ የአጥኚው ልጆች ናቸው፦ ሦስት ዓመት ከአራት ወር የሆናት ተጠኚ ሀ፣ እና አሥራ ዘጠኝ ወር የሆነው ተጠኚ ለ። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ ሕፃናት ያሳተመው ጽሑፍ ስለ ገዛ ልጁ ነው፤ ዣን ፒያጄም ዝነኛ ያደረገውን ጥናት የሠራው በሦስት ልጆቹ ላይ ነው። ልዩነቱ፣ ሁለቱ ሲጽፉ ሌላ ሰው ልጁን ይዞላቸው ነበር። ባለቤቴና ልጅ ልታይ ከአዲስ አበባ የመጣችው... ይቅርታ፣ የመጡት አማቴ በተባባሪ አጥኚነት ተሳትፈዋል። መሣሪያው አንድ እስክሪብቶና የዳይፐር ደረሰኝ ጀርባ ነበር። «አትንካ» በተባለ ቁጥር አንድ ጭረት ይሰመራል።

ደረሰኙ ገና መግቢያው አካባቢ ሞላ። ልማድ በር ላይ አይራገፍም። ሀ ወደ አንድ መዘውር እጇን ስትሰድ ባለቤቴ «አትን—» ትልና መዘውሩ እንዲዞር የተሠራ መሆኑ ትዝ ሲላት ቃሉን መሐል ላይ ትቆርጠዋለች። «አትን» የሚለው ይህ ቅርጽ በሰዋስው መጻሕፍት የለም። ትእዛዝም ፈቃድም አይደለም፤ ሰው በሩ ላይ ደርሶ ለምን እንደመጣ ሲጠፋው የሚያደርገው ዓይነት ነገር ነው። ልጆቹ ግን ሦስቱን ፊደል እንደ ማበረታቻ ተቀበሏቸው። «ቆይ፣ አባትሽ ይምጣ» የሚለው ማስፈራሪያም ተሞክሮ ነበር። አባትየው እስከ ክርኑ የሳሙና አረፋ ውስጥ ስለነበር አልሠራም።

ግኝቶቹ እንደሚከተለው ናቸው። ከወለሉ እየተሽከረከረ የሚነሳ የጭጋግ ዓምድ አለ፤ አውሎ ነፋስ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ሌሎች ልጆች እጃቸውን እየከተቱ ይበትኑታል። ሀ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች፣ እግሯን አጣጠፈች፣ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ ስትጠየቅ «ፈንዲሻ» አለች። በሕይወቷ ጭስ ተነስቶ ፈንዲሻ ያልተከተለበት ቀን ስለሌለ አመክንዮው እንከን አይወጣለትም። በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መብራት ፊት ቆመንም ሦስቱ ብርሃን ሲደራረቡ ነጭ እንደሚሆኑ አስረዳኋት። «ሲቀላቀል ቡኒ ነው የሚሆነው» አለች። በቀለም ሞክራዋለች፤ ግድግዳችን ምስክር ነው። ብርሃን ይደመራል፣ ቀለም ግን ከብርሃን ላይ ይቀንሳል ብዬ ስጀምር ወደ ጥላዋ ሄዳለች።

ለ ቀኑን ሙሉ አንድ የምርምር ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ ይህ ዕቃ በዚያ ቀዳዳ ይገባል ወይ? የሞከረው ብስኩት፣ የእህቱን የፀጉር መያዣ፣ የባቡር ካርዴንና እስክሪብቶውን ነው። ካርዱ ብቻ አልገባም። ከዚህ በኋላ ያለው መረጃ በቃል የተያዘ ነው።

በማዕከሉ ውስጥ የመጠጥ ውሃ ማፍለቂያ የተገጠመበት የሽንት ቤት መቀመጫ አለ። ማንም ተቀምጦበት አያውቅም፣ ውሃውም ንጹሕ ነው። ዕውቀትና ስሜት ሲጋጩ የትኛው እንደሚያሸንፍ ጎብኚው በራሱ ላይ እንዲያይ የተሠራ ነው። ለ ጠጣ፤ ደገመ። አማቴ «በስመ አብ!» ብለው በነጠላቸው ጫፍ አፉን ሲጠርጉ፣ ባለቤቴ ስልኳን ይዛ ትቀርጸው ወይስ ታድነው ስትወዛገብ ተስተዋለች። ሙከራው የሚሠራው ሽንት ቤት ምን እንደሆነ በተማረ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ዳይፐር ያደረገ ሰው ግጭት የለበትም።

አማቴ እስከዚያ ድረስ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ነበር የሚዞሩት፣ ልክ ድንቅነሽ ፊት እንደቆመ ተማሪ። ማግኔት ላይ የተበተነ ጥቁር የብረት አሸዋ ጋ ስንደርስ ግን ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ወጣ። እኔም ሳላስበው «እማማ፣ አይንኩት!» አልኩ። ቃሉ በአክብሮት ቅርጹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እዚህ ላይ ነው። እዚያ የቆመችው ወጣት አስረጂ ትርጉሙን ጠየቀችኝ። ስነግራት እንደ በሽተኛ አየችኝ። አማቴ አሸዋውን በሁለት ጣት ቆንጥረው ወደ ላይ ሳቡት፤ እንደ ጃርት እሾህ ቆመ። «ታዲያ ምን አለበት?» አሉ፣ ማንን እንደሆነ ሳይገልጹ።

ቀጥሎ የላም ዓይን በቢላ ተከፍቶ የሚታይበት ሰዓት ነበር። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። እኛ ልጆች እያለን በፋሲካ ጠዋት በጉን ከብበን ያላየነው ብልት የለም፤ ትምህርት ነው ብሎ የነገረን ግን አልነበረም። አስረጂዋ ከዓይኑ ጀርባ እንደ ዕንቁ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ገልጣ፣ የከብት ዓይን በጨለማ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራው ብርሃኑን ይህ ስለሚመልሰው ነው አለች። አማቴ ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የገጠር ልጅ ስለሆኑ ዓይኑን ያውቁታል፣ ምክንያቱን ግን ገና መስማታቸው ነው። ከዚያ አንድ ሙያዊ አስተያየት ጨመሩ፦ «ቢላው አልተሳለም።»

ወደ መጨረሻው «አትንካ» ከአንደበታችን ጠፍቶ ነበር። ቦታውን «ቀስ!»፣ ቀጥሎ «ተራህን ጠብቅ»፣ በመጨረሻም «በቃ እንሂድ» ተኩት። ሁለቱም ተጠኚዎች እያለቀሱ ወጡ። ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ አይተነተንም። መተንተን ያለበት መውጫው ላይ ያለው የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነው። ገና እግራችን እንደገባ አራታችንም... ማለቴ ሦስታችን አዋቂዎች በአንድ ድምፅ «አትንካ!» አልን፤ ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ፣ በጤናው። ዕቃው ዋጋ ተለጥፎበታላ። ተጠኚ ሀም ወንድሟን «አትንካ!» አለችው፤ ስለዚህ አራታችንም የሚለው ትክክል ነበር።

ማታ እቤት ተመልሰን እንጀራው ሲቀርብ አጥኚው ለጥናቱ ቀጣይ ምዕራፍ ይሆን ዘንድ ቡፌው ለአንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይቆይ ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ ኦፐንሃይመርንም ጠቀሰ። ባለቤቴ ስለ ኦፐንሃይመር ያላትን አስተያየት በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለጸች፤ ጥናቱን ልጆችም ሊያነቡት ስለሚችሉ አልተካተተም። አማቴ ግን እጃቸውን ታጥበው ተነሱና «እስቲ ክፈቱልኝ፣ ስኒዎቹም አቧራ ጠግበዋል። ዛሬ በእነሱ ነው ቡና የምንጠጣው» አሉ።

ቁልፉ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከቡፌው ሥር ባለው መሳቢያ ነው። መሳቢያው ውስጥ የነበረው ግማሽ ብስኩት ነው። ለ ከዚህ ቀደም በአካባቢው ብዙ ጊዜ ታይቷል። ሲጠየቅ ወደ ግድግዳው የአየር ማሞቂያ ቀዳዳ ጠቆመ፣ ቀጥሎ ወደ ሶፋው፣ ቀጥሎ ወደ እኔ። ቡናውን በኩሽናዎቹ ስኒዎች ጠጣን። የቡፌው ቁልፍ እስካሁን አልተገኘም። እስክሪብቶውም እንደዚሁ።