ስለ አክስት ምስጋና፦ አጭር ጥናት

አክስትን እንደ ሠራተኛ የሚቆጥር ሕግ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይላል። አዋጁና ጤና ጣቢያው ያልተስማሙበት ሦስት ወር የአክስት ነው። በ91ኛው ቀን ጠዋት እናት የታለበ ወተቷን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ ወደ ቢሮዋ ስትሄድ፣ አክስት ያለ ቅጥር ደብዳቤ ሥራ ትጀምራለች።

አክስትን ከሞግዚት ጋር ማምታታት አይገባም። ሞግዚት ደመወዝ አላት፤ በዚያ ላይ «እባክሽ እንዳትሄጂብን» ተብላ ትለመናለች። ለጥምቀት ቤተሰብ ጠይቄ ልምጣ ብላ ትወጣለች፤ ከዚያ ስልኳ አይነሳም። በማግስቱ የሚደወለው ለአክስት ነው። አክስትን እንዳትሄድ የለመናት የለም። የት ትሄዳለች?

ለአክስት የሚቀርበው ምስጋና ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው በሌለችበት የሚነገረው ነው። በጎረቤት በኩል ይደርሳታል፤ ጎረቤቷ ካልረሳች።

ሁለተኛው ተጎታች ያለው ነው። «እቴቴ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?» ተብሎ ትንፋሽ ሳይወሰድ «ቅዳሜም ትመጫለሽ አይደል?» ይከተላል። የፊተኛው ያለ ኋለኛው ሲነገር የሰማ የለም።

ሦስተኛውና ዋናው የርክክብ ምርመራ ነው። እናት ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ቦርሳዋን ሳታወርድ ትጀምራለች። በመጀመሪያ በእጇ ጀርባ የልጁን ግንባር፦ «አላተኮሰውም?» ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ከዚያ ሆዱን፦ «ገንፎውን ጨረሰ?» ጨረሰ ከተባለ «አላበዛሽበትም?»፣ አልጨረሰም ከተባለ «ሳይበላ ነው የዋለው?» በመጨረሻ እግሩ ላይ ይደረሳል።

እግሩ ላይ ካልሲ አለ። ወይም ነበር። ጉዳዩ ራሱን የቻለ ዘርፍ ስለሆነ በዝርዝር እናየዋለን።

ሀ) የጎደለ ካልሲ። ምንጊዜም አንዱ ነው። ሁለቱም ቢጎድሉ ክሱ ይለወጣል፤ ልጁ ባዶ እግሩን ዋለ ይባላል።

ለ) የተገለበጠ ካልሲ። «ማነው ያለበሰው?» ተብሎ ይጠየቃል። ቤት የዋሉት አክስትና የ11 ወሩ ልጅ ናቸው።

ሐ) ወገኑ ያልሆነ ካልሲ። አንዱ እግር ሰማያዊ፣ ሌላው ድመት ያለበት። የድመቱ ጓደኛ በ«ሀ» ሥር ተመዝግቧል።

ልጁ በልቷል፤ ታጥቧል፤ ታዝሎ፣ እሹሩሩ ተብሎ ተኝቷል፤ ከሰዓት በኋላ በመስኮት አሻግሮ ሲያይ ቆይቶ «ሚና» ብሏል፤ መኪና ማለቱ ነው። ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍረው ካልሲው ነው። ካልሲውን የሚያወልቀው ራሱ ነው የሚለው መከላከያ ተቀባይነት አላገኘም። ጉዳዩን በቅርብ ለተከታተለ ግን አወላለቁ ግልጽ ነው። ጀርባው ላይ ይተኛል፤ እግሩን ወደ አፉ ያመጣል፤ የካልሲውን ጫፍ በሁለት ጥርሱ ይዞ ይጎትታል፤ ሲወልቅለት ካልሲውን እንዳንጠለጠለ አክስቱን አይቶ ይስቃል። ይህ ሳቅ ከየትኛው ምድብ እንደሚገባ ለጊዜው አልተወሰነም።

ለንጽጽር አጎትን እንውሰድ። አጎት በወር አንዴ ብቅ ይላል። ልጁን ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልባል፤ አንዴ ይደግማል። «ልጅ ሲወድ!» ይባልና ቡና ይፈላለታል። ካልሲው የወለቀው ያኔ ነው።

የአያት፣ የጎረቤትና የክርስትና እናት ምስጋና ገና አልተጠናም። ለዚሁ ቅዳሜን ይዤ ነበር፤ ነገር ግን እህቴና ባሏ ቅዳሜ ሠርግ አለባቸው፤ የጥሪው ካርድ ሕፃናት ይዞ መምጣት አይቻልም ይላል። ስለዚህ ጥናቱ እዚህ ላይ ይቆማል። ትናንት መርካቶ ወርጄ አንድ ደርዘን የልጅ ካልሲ ገዝቻለሁ። ሁሉም ግራጫ ነው።