ከቡልቡላ ወደ ሐዋሳ በአየር፦ የርቀትና የጊዜ ጥናት

ከቦሌ እስከ ሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ ወደ 210 ኪሎ ሜትር ነው፤ በረራውም ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። በመኪና ግን በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በቡልቡላ አድርጎ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙዎች እዚህ ላይ ሒሳቡን ዘግተው ይነሳሉ። ይህ ጥናት ግን አንድ የተዘለለ ጥያቄ ያነሳል፦ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ጉዳይ ያለው ሰው ማን ነው? ለቅሶ ደራሹም፣ ሠርግ የተጠራውም፣ ብድር አስመላሹም ጉዳያቸው ማኮብኮቢያው ላይ አይደለም።

ነገሩን ለመፈተን ከቡልቡላ የተሻለ ከተማ አይገኝም። ሐዋሳ ከዚያ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የቡልቡላ ነዋሪ «ዘመኑ የአየር ነው» ብሎ ቢነሳ ግን መጀመሪያ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ በፊዚክስ ቋንቋ፣ ወደ መድረሻው ያለው ፍጥነት ከዜሮ በታች ነው። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቦሌ ይደርሳል፣ ቀበቶና ጫማውን አውልቆ ይፈተሻል፣ ይሳፈራል። አውሮፕላኑ ቀጥታውን መስመር ከያዘ ከቡልቡላ ትንሽ ወደ ምዕራብ ብሎ ወደ ሻላ ሐይቅ ያልፋል፤ በግራ መስኮት በኩል የተቀመጠ ደግሞ ሰማዩ ከጠራለት ጠዋት የተነሳበትን ሰፈር በድጋሚ ያያል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የወጣው ይህ ተጓዥ 7 ሰዓት ገደማ ሐዋሳ ሲገባ፣ በሚኒባስ የሄደው ጎረቤቱ ሐይቁ ዳር ዓሣውን በልቶ ወደ መልሱ እያዘገመ ነው።

«ይህን ማንም አያደርገውም» የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። እውነት ነው፤ ሞካሪ ማጣት ግን ሒሳቡን አያፈርሰውም። ከበድ የሚለው ሁለተኛው ነው፦ ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» ይላል፤ ያ አንድ ሰው ገብቶ ከተቀመጠም በኋላ «አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። ይህ መነኸሪያ ውስጥ ለሚጠብቅ ሰው የሚያስጨንቅ ሐቅ ነው። ቡልቡላ ግን መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች መኪናው ተነስቶ የመጣ ነው፤ እዚያ የሚሳፈረው ራሱ የጎደለው ሰው ነው።

ሦስተኞቹ የቡልቡላን የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጠቅሰው ለከተማዋ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ይገባታል ይላሉ። አካባቢው ግን የቆየ የአየር መስመር አለው። የሻላ ደሴት ላይ የሚራቡት ፔሊካኖች ለቁርስ ወደ አብጃታ ሐይቅ ይበሩ ነበር። ከላይ በኩል ለመስኖ ውኃ ሲሳብ፣ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ የሚደርሰው እየቀነሰ ሲሄድ፣ ሶዳ የሚያመርተውም ፋብሪካ ከሐይቁ ሲቀዳ፣ አብጃታ ሸሸ፤ ዓሣውም አለቀ። ፔሊካኖቹ መስመሩን እስከ ዝዋይ ሐይቅ አራዝመውታል። ስለ በረራ ሰዓት ለውጡ እስካሁን ይቅርታ የጠየቃቸው የለም።