ተጋድሞ ማንበብ

የበዓል ንባብ ከምሳ በኋላ የሚጀመርና ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ምዕራፍ ሳይደረስ በእንቅልፍ የሚቋረጥ የንባብ ዓይነት ነው። ዶሮ ወጡ ተበልቶ፣ በረካው ተጠጥቶ፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ አንባቢው መጽሐፍ ይዞ ጋደም ይላል። መጽሐፉ መጀመሪያ ከዓይን ከፍ ብሎ ይያዛል፤ ቀጥሎ ደረት ላይ ያርፋል፤ በመጨረሻም ፊት ላይ ይከደናል። አንባቢው እንዲህ ይጋደም ዘንድ ግን ብዙ ሰው ቆሟል፣ አጎንብሷል፣ አምሽቷል።

በኢትዮጵያ የመጽሐፍ ድካም የሚጀምረው ከፍየል ነው። «ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ» የሚለው ተረት ለብራና ሥራ አይሆንም፤ እዚህ ፍየልና ጽሑፍ ከነቆዳቸው አንድ ናቸው። ብራና ፋቂው ቆዳውን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጥራል፣ ስቡንና ፀጉሩን ፍቆ ያደርቃል። ቁም ጸሐፊው በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል፤ ከጥላሸት የተሰናዳ ቀለም በሸንበቆ ብርዕ እየነከረ፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊደል በፊደል ይጽፋል። ለቅዱሳን ስም ቀይ ቀለም ያነሣል። ሲሳሳት ፍቆ ያርማል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎችን ቆዳ ስለሚፈጅ፣ ጸሐፊ ነገር ባንዛዛ ቁጥር መንጋው ይሳሳ ነበር። ዛሬ የተንዛዛ መቅድም የሚጎዳው አንባቢውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ኅትመት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ደግሞ በ1914 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። በእርሳስ ፊደል ዘመን ፊደል ለቃሚው ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ ማለትም 231 ቅርጾችን፣ ዲቃሎቹንና አኃዞቹን ጨምሮ ከየሳጥናቸው እያነሣ ይደረድራል። ፊደሉ የተቀረጸው ተገልብጦ ስለሆነ ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሚያነበው በተቃራኒው ነው፤ ያውም ሳይጋደም።

ከዚያ አራሚው ይመጣል። የአራሚ ሥራ የሚታየው ሲበላሽ ብቻ ነው። መቶ ስህተት ቢለቅም የሚያመሰግነው የለም፤ አንዲት ብታመልጠው ግን አንቀላፍቶ የነበረው የበዓል አንባቢ ብድግ ብሎ እርሳስ ይፈልጋል። «ሠ»ንና «ሰ»ን፣ «ጸ»ንና «ፀ»ን ለማስታረቅ የሚደረገው ክርክርም የሚያልቀው ክርክሩ ተፈትቶ ሳይሆን ማተሚያ ቤቱ «ይበቃል» ሲል ነው።

የደራሲው ድካም ከሁሉ ይረዝማል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ሲያቀርቡ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ሥራ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ደግሞ ድካሙ ወደ ድምፅ ተሻገረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ማንበብ የሚወድ ሰውም ያለ ሐሜት የሚጋደምበት መንገድ አገኘ።

በመጨረሻ አዟሪው አለ። ከክንዱ እስከ አገጩ የተቆለለ መጽሐፍ ይዞ ከካፌ ካፌ ይዞራል፤ ከሻጭነቱ ይልቅ ተሸካሚነቱ ይበልጣል። ደንበኛው አንዱን ስቦ ያወጣል፣ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቦ ይጨርሳል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይመልሳል። አዟሪው ቁልሉን አስተካክሎ ይሄዳል።

ለዚህ ሁሉ ድካም የሚከፈለው ውለታ ቀላል ነው፦ መጽሐፉን መግዛት፣ ምስጋና የሰፈረበትን ገጽ ሳይዘሉ ማንበብ፣ የተዋሱትን መመለስ። የመጀመሪያውን ጥቂቶች ያደርጉታል፤ ሁለተኛውን ስማቸው ይኖርበታል ብለው የሚጠረጥሩ ይሞክሩታል፤ ሦስተኛውን የሚያደርግ ግን እስካሁን ባለ መጽሐፉ ደጅ ላይ እየተጠበቀ ነው።