ማቱሳላ እድር ቢገባ

አክስቴ እታለም የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ከሆነች ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው። ከእሷ ጋር ስለማይሞቱ ሰዎች የተሠራ ፊልም ማየት ከኦዲተር ጋር ሠርግ እንደመሄድ ነው። ሁሉም ነገር ሒሳብ ይሆናል።

የጀመርነው እግሯን አሟት ቤት በዋለችበት ሰሞን ነው። ላሳያት ብዬ መጀመሪያ የመረጥኩት የልጅነቴን ፊልም፣ «ሃይላንደር»ን ነበር። በልጅነቴ መርካቶ ጀርባ በነበረ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን፣ በሃምሳ ሳንቲም ነው ያየሁት። እንግሊዝኛው ስለማይገባን የምናጨበጭበው አንገት ሲቀላ ብቻ ነበር። በፊልሙ ውስጥ የማይሞቱት ሰዎች የሚሞቱት አንገታቸው ሲቀላ ብቻ ስለሆነ ብዙም ያመለጠን ነገር አልነበረም። (የስኮትላንዱን ጀግና ሆኖ የሚሠራው ክሪስቶፈር ላምበርት ፈረንሳዊ ነው። እውነተኛው ስኮትላንዳዊ ሾን ኮነሪ ደግሞ የስፔን ስም ያወጣ ግብጻዊ ሆኖ ይሠራል። ዕድሜ ሲረዝም ዜግነትም ይምታታል መሰለኝ።)

ጀግናው ኮነር ማክላውድ በ1518 ተወልዶ በ1985 ኒው ዮርክ ውስጥ የጥንት ዕቃ ይሸጣል።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለች እታለም።

«467።»

«አቦ 562 ዓመት ነው የኖሩት። ገና 95 ይቀረዋል» ብላ ቡናዋን ፉት አለች። ወር በገባ በ5 አቦን የምትዘክር ሴት በ467 ዓመት አትደነግጥም። የማቱሳላን 969 ሳታነሳ የቀረችው ለሰውየው አዝናለት ይመስለኛል።

ሆዷን ያባባት የሚስቱ የሄዘር ነገር ነው። እሱ እንደ ጎረምሳ እንዳለ እሷ ትሸብታለች። ክንዱ ላይ ሆና ልትሞት ስትል በየዓመቱ በልደቷ ቀን ሻማ እንዲያበራላት ትለምነዋለች። ኒው ዮርክ ከገባም በኋላ ሻማዋን አላስታጎለም። እታለም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ባል እንዲህ ነው! የዛሬዎቹ አርባዋ ሳይወጣ ያገባሉ፤ ይኼ እስከ 400 ዓመት ይዘክራታል።» ትንሽ ቆይታ፣ «የትኛው እድር ነው ያለው?» አለችኝ።

«እታለም፣ አይሞትም እኮ ነው የምልሽ።»

«እሱንማ ሰማሁ። እንዲህ ያለው ለእድር ሲሳይ ነው፤ ይከፍላል እንጂ አይበላም።» ከዚያ ስኒውን አስቀመጠች። «ቆይ፣ ቆይ። ሚስት ስትሞትበት ይከፈለዋል። ሌላ ያገባል፤ እሷም ትሞታለች። ደግሞ ልጅ፣ ደግሞ አማት... አንተ ልጅ፣ ይኼ ሰው እድሩን ባዶ ያስቀረዋል!»

ፊልሙን አስቁማ እስክሪብቶ አስመጣችኝ። በደረሰኝ ጥራዙ ጀርባ ላይ ለ50 ዓመት አንድ ሚስት ብላ አሰላች። በ467 ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሚስት፣ አሥራ ስምንት አማት፣ ልጆቹ ሳይቆጠሩ። ለእያንዳንዱ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይወጣል፣ ጥሩምባ ይነፋል። ኮነር ማክላውድ በዚያች ማታ ከሰፈራችን እድር ሳይገባ ተሰረዘ።

በማግስቱ የ2007ቱን «ዘ ማን ፍሮም ኧርዝ» ከፈትኩላት። ጎራዴ የለው፣ ደም የለው፤ አንድ መምህር ዕቃውን መኪናው ላይ ሲጭን ጓደኞቹ ሊሸኙት ይመጣሉ፣ ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠው ሲያፋጥጡት 14,000 ዓመት እንደኖረ ይነግራቸዋል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ክርክር ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው። ደራሲው ጄሮም ቢክስቢ ጽሑፉን የጨረሰው በ1998 በሞት አልጋው ላይ ሆኖ መሆኑን ሳውቅ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ወሬ የማን ወሬ እንደነበር ገባኝ።

እታለም ግን ሌላ ነገር ነው የከነከናት። «14,000? ዓለም ከተፈጠረ እኮ ገና 7,500 ዓመት ቢያልፈው ነው።» የባሕረ ሐሳቡን 5,500 ዘመን ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምራ ነው። «ታዲያ ዓለም ሳይፈጠር የት ተከራይቶ ነበር?»

ኪራይ ስትል እኔም ነቃሁ። ሰውየው ዕቃውን የሚጭነው አለማርጀቱ እንዳይታወቅበት በየአሥር ዓመቱ አገር ስለሚለቅ ነው። በ2015ቱ ፊልም በ29 ዓመቷ ዕድሜዋ ቀጥ ያለው አዳላይንም እንዲሁ በየአሥር ዓመቱ ስሟንና ሰፈሯን ትቀይራለች። ዘላለም የሚኖሩት ሰዎች አሥር አሥር ዓመት አንድ ቤት ይቀመጣሉ። እኔ ሟቹ ባለፉት አሥር ዓመታት አምስት አከራይ ቀይሬያለሁ።

አዳላይን የተወለደችው በ1908 ነው። አንድ ፖሊስ አስቁሟት መንጃ ፈቃዷ ላይ 45 ዓመት የሚል ሲያይ፣ ይቺ ልጅ 45 አይሆናትም ይላል። የሚያሳድዳት እርጅና ሳይሆን ወረቀት ነው። ኮነርም ቢሆን ሲወለዱ በሞቱ ሕፃናት ስም እየኖረ ንብረቱን ራሱ ለራሱ ሲያወርስ ኖሮ፣ ያጋለጠው የእጅ ጽሑፉ ነው። እኔ የወረዳ መታወቂያዬን ለማሳደስ ሦስት ቀን ተሰልፌ «ፎቶው አንተን አይመስልም» የተባልኩት አርጅቼ ነው። ሳላረጅ ብሄድ ምን ሊሉኝ እንደነበር እንጃ።

የመጨረሻው የ1992ቱ የሮበርት ዜሜኪስ ኮሜዲ «ዴዝ ቢካምስ ኸር» ነበር። ሜሪል ስትሪፕና ጎልዲ ሆን በአንድ ወንድ የሚቀናኑ ሴቶች ናቸው፤ ወጣት የሚያደርግ መድኃኒት ይጠጣሉ። መድኃኒቱ ሞትን ይከለክላል እንጂ ስብራትን አይጠግንም። አንዷ ከደረጃ ወድቃ አንገቷ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሌላዋ በጥይት ሆዷ ተበስቶ በወዲያ በኩል ያለው ሁሉ ይታይባታል። ፊልሙ በእነዚህ ትዕይንቶች ኦስካር አግኝቷል። እታለም ከወንበሯ ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው በቀለም መለቃለቅና በመለጠፍ ይሆናል፤ አልጠጣም ያለው ባል ግን አርጅቶ፣ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ይሞታል። በቀብሩ ዕለት ሁለቱ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ተንከባለው ይፈረካከሳሉ። ራሳቸው መሬት ላይ ሆኖ፣ አንዷ ሌላዋን መኪናውን የት እንዳቆመች ትጠይቃታለች።

እታለም ሳቋን አቆመች። «አሁን ለእነዚህ ድንኳን ይወጣል ወይስ አይወጣም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጠቅላላ ጉባኤ አቅርቢው።»

«ይቀርባል» አለች፣ በቁም ነገር። ከትራሷ ሥር ደረሰኙን አወጣች፣ ዘጠኙ ሚስቶች የተጻፉበትን ገጽ ገልብጣ መነጽሯን አደረገች። «አንተስ? የሦስት ወር አልከፈልክም። የጋሽ ከበደ ቀብር ላይም አልነበርክም።»

«ፊልም ስመርጥልሽ ነበር።»

«ምክንያት ብዬ ልጻፈው?»

«ተዪው፣ ከነቅጣቱ ቁረጪልኝ» አልኳት።