የፊደል ተራ ያነገሠው አርሰናል

የእግር ኳስ ቡድኖችን የድል መዝገብ በስታቲስቲክስ ፕሮግራም መተንተን፣ ማለትም የየጨዋታውን ውጤት ለኮምፒውተር ሰጥቶ እንዲቆጥር፣ እንዲደምርና በግራፍ እንዲሥል ማዘዝ፣ ከውጭ ለሚመለከተው የረጋ መንፈስ የሚጠይቅ ሥራ ይመስላል። ሥራውን የሚጀምረው ግን ብዙውን ጊዜ የአንድ ቡድን ደጋፊ ነው፤ ደጋፊ ደግሞ ወደ አኃዝ የሚሄደው እውነቱን ፍለጋ ሳይሆን ሻይ ቤት ውስጥ በተረታበት ክርክር ላይ ይግባኝ ለማለት ነው።

ይግባኙ ከሚቀርብባቸው ቋንቋዎች አንዱ አር የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ቋንቋውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የፈጠሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን ሲሆኑ፣ አንዳቸውም ስለ አርሰናል አስበው እንደማያውቁ መገመት አያዳግትም።

የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ 20 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 38 ጊዜ ስለሚጫወቱ የአንድ የውድድር ዘመን ፋይል 380 ረድፎች ይኖሩታል፤ በየረድፉም ባለሜዳው፣ እንግዳውና የሁለቱ ግቦች ይሰፍራሉ። ድል ለመቁጠር እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ጊዜ በባለሜዳው፣ አንድ ጊዜ በእንግዳው በኩል ተጽፎ 760 እንዲሆን ይደረጋል። ከዚያ በኋላ የድሎች ድምር ከሽንፈቶች ድምር ጋር ካልተካከለ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ ያለ ተሸናፊ ያሸነፈ ቡድን የሚገኘው በደጋፊ ወሬ ውስጥ ብቻ ነውና። ሌላው የታወቀ ጣጣ የስም ነው፤ አንዱ ቡድን አንድ ቦታ «ማንቸስተር ዩናይትድ»፣ ሌላ ቦታ «ማን ዩናይትድ»፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «ማንዩ» ተብሎ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ሦስት ቡድኖች አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ሦስቱም ላለመውረድ ሲታገሉ ይታያሉ። ይህን ያየ የአርሰናል ደጋፊ ፋይሉን ለማረም አይቸኩልም።

የነገሩ ዋና ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ2023/24 የውድድር ዘመን ነው። ማንቸስተር ሲቲ 28 ጊዜ አሸነፈ፤ አርሰናልም 28 ጊዜ አሸነፈ። ሲቲ 96 አግብቶ 34 ተቆጠረበት፤ አርሰናል 91 አግብቶ 29 ተቆጠረበት፤ ስለዚህ ያገቡት ከገባባቸው ተቀንሶ የሚገኘው የግብ ክፍያ ለሁለቱም 62 ሆነ። በድል ብዛት የተሠራ ባለ አምድ ግራፍ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ቡድን አኃዝ በቁመት የሚያሳይ ሥዕል፣ ሁለቱን በአንድ ቁመት ያቆማቸዋል፤ ቀድሞ መቆም ያለበትን ግን ግራፉ ከራሱ አያውቅምና በፊደል ተራ ይፈርዳል። በላቲን ፊደል ደግሞ ኤ ከኤም ስለሚቀድም አርሰናል ከግራ አንደኛ ሆኖ ይቆማል። ደጋፊው ይህን ሥዕል በስልኩ ቀድቶ ለወዳጅ ዘመድ ሲልክ አንድም የሐሰት አኃዝ አልላከም።

ደስታው ግን በቀላሉ ይፈርሳል። ደጋፊው በድል ብዛት መደርደሩን ትቶ አምዶቹን ወደ ጎን ቢያስተኛ፣ ጂጂፕሎት የተባለው የግራፍ መሣሪያ የፊደል ተራውን ከታች ወደ ላይ ስለሚቆጥር አርሰናል ግርጌ ይወድቃል፣ ዎልቭስም ከአናት ይቀመጣል። የቡድኖቹ ስም በግእዝ ፊደል ቢጻፍማ መ ከአ ስለሚቀድም ከእኩሎቹ ሁለት ሲቲ ይቀድማል፤ ምንም ሳይደረደር ቢተው ደግሞ ሉተን ሁሉንም ይመራል። ሉተን በዚያ ዓመት ስድስት ጊዜ ብቻ አሸንፎ፣ በ26 ነጥብ የወረደ ቡድን ነው።

የሲቲ ደጋፊም ከዚህ ዓይነቱ ጥበብ ነጻ አይደለም። ዋንጫውን የለየው ነጥብ 91 ለ89 ነበር፤ ሲቲ ሰባት ጊዜ አቻ ሲወጣ አርሰናል አምስት ጊዜ ብቻ ስለወጣ። በሐቀኛ ግራፍ ላይ ይህ ልዩነት በዓይን አይለይም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አምዶቹ የሚነሡበት መሠረት ከዜሮ ይልቅ ከ88 እንዲጀምር ከታዘዘ ሲቲ የአርሰናልን ሦስት እጥፍ ቁመት ያገኛል። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ሠራ፤ አድልዎው የአዛዡ ነው።

ለአርሰናል ደጋፊ አንድ የመጨረሻ ይግባኝ ይቀረዋል፤ እሱም ሕጉን መለወጥ ነው። በእንግሊዝ ሊግ እስከ እ.ኤ.አ. 1981 ድረስ ለድል የሚሰጠው ሦስት ሳይሆን ሁለት ነጥብ ነበርና በአር አንዲት መስመር ላይ 3ን በ2 ተክቶ እንደገና ማስላት ይቻላል። ውጤቱ 63 ለ61፣ መሪውም ሲቲ ነው። የተጠራጠረ አንባቢ 28ን በሁለት አባዝቶ፣ ለአንዱ ሰባት ለሌላው አምስት ጨምሮ በእጁ ይደምር።